በአፍ «ደህና ነኝ»፣ በወረቀት 17

ቴራፒስቷ በሩን ከፍታ «እንዴት ሰነበትሽ?» አለቻት። «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብላ ገባች። ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች፣ ስልኳን ገልብጣ ከጎኗ አኖረችና የተሰጣትን አንድ ገጽ ፎርም መሙላት ጀመረች። ዘጠኝ ጥያቄ ነው፤ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ቴራፒስቷ ተቀብላ ቁጥሮቹን ደመረች። 17 መጣ።

ከ27 ላይ 17 ከባድ ቁጥር ነው። ከአምስት ደቂቃ በፊት «ደህና» ያለችው ሴት ወረቀቱ ላይ እንቅልፍ እንደራቃት፣ ምግብ እንዳስጠላት፣ ራሷን እንደ ከንቱ እንደምታይ አስፍራለች። አልዋሸችም ግን። እኛ ዘንድ «እንዴት ነሽ?» ሰላምታ ነው፤ መልሱም ምስጋና ነው። በር ላይ ቆሞ እንቅልፍ ማጣቱን የሚዘረዝር ሰው የለም።

ሴትዮዋን ሠናይት እንበላት። እውነተኛ ሰው አይደለችም፤ ነገሩን ለማሳየት የፈጠርኳት ናት። 34 ዓመቷ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ትኖራለች፤ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ትሠራለች። እናቷ ደሴ ናቸው።

ቴራፒ መሄድ አሁን አሁን እንደ ድሮው ጉድ የሚያሰኝ ነገር አይደለም፤ በተለይ ወጣቱ ዘንድ። አዲስ አበባም ሆነ ዲሲ አካባቢ «ጥሩ ቴራፒስት ታውቂያለሽ?» የሚለው ጥያቄ እየተለመደ ነው። ደስ ይላል። ያልተለመደው ቀጣዩ ጥያቄ ነው። ሦስት ወር የተመላለሰን ሰው «እና ምን እየሠራችሁ ነው?» ስትሉት «እናወራለን» ይላል። «ለውጥ አለ?» ስትሉት ትከሻውን ይሰብቃል። ጥርሱን ሊያስሞላ የሄደ ሰው የትኛው ጥርሱ እንደሚሞላ ያውቃል። ቴራፒ ጋ ሲደርስ ግን ብዙዎቻችን የምንሄድበትን ሳናውቅ ታክሲ ውስጥ እንደተቀመጠ ሰው እንሆናለን።

ጥሩ ቴራፒ ዕቅድ አለው። ዕቅዱ መሥራት አለመሥራቱ የሚታይበት መንገድም አለው። ሁለቱም ደግሞ የታካሚው ናቸው። ሁሉን «ተመስገን» ብሎ ለሚያልፍ ሕዝብ ይህ ነገር ከማንም በላይ ያስፈልገዋል ብዬ አምናለሁ፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እመጣበታለሁ።

«እንደ ድሮዬ» ማለት ምን ማለት ነው?

የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀጠሮዎች በጥያቄ ያልቃሉ። መቼ ጀመረሽ? ያኔ ምን ተለወጠ? ቤተሰብ ውስጥ እንዲህ የሆነ ሰው አለ? መጠጥ? ጫት? የምትወስጂው መድኃኒት? ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ? አንዳንዱ ሰው «እኔ ልተነፍስ መጥቼ ፖሊስ ጣቢያ ገባሁ እንዴ?» ብሎ ይናደዳል። ግን ምክንያት አለው። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ሲቀንስ ሰው ልክ እንደ ድብርት ይደክመዋል፣ ይከብደዋል፣ ነገር ያስጠላዋል። ደም ማነስም ያዝላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ቴራፒስት ሥራውን ከመጀመሩ በፊት «እስቲ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ደምሽን ተመርመሪ» ሊል ይችላል። ያን ሳያደርጉ ስለ ልጅነት ስድስት ወር ማውራት ኪሳራ ነው።

ከዚያ ዋናው ጥያቄ ይመጣል። ምን እንዲለወጥ ትፈልጊያለሽ?

ሠናይት «እንደ ድሮዬ መሆን ነው የምፈልገው» አለች። ሁሉም ሰው የሚለው ይህንኑ ወይም ወንድሙን ነው፦ «ደስተኛ መሆን»፣ «ሰላም ማግኘት»። ቆንጆ ምኞት ነው፤ ዕቅድ ግን አይሆንም። መድረስ አለመድረስሽን በምን ታውቂያለሽ?

«ድሮሽ ምን ታደርጊ ነበር?» አለቻት ቴራፒስቷ።

ሠናይት አሰበች። ቅዳሜ ከጓደኞቿ ጋር ቡና ትጠጣ ነበር። ከሥራ ስትመለስ እየዘፈነች ታበስል ነበር። በሳምንት ሁለቴ እናቷ ጋ ትደውል ነበር።

«አሁንስ?»

«አሁን ስትደውል ራሱ አላነሳም። ስልኩን ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ።»

እዚህ ላይ የሚጨበጥ ነገር ተገኘ። «ደስተኛ መሆን» አይቆጠርም፤ እሑድ እሑድ እናት ጋ መደወል ይቆጠራል። ቴራፒስቷ ግቡን የጻፈችው በሠናይት አፍ ነው፦ «ከእናቴ ጋር እንደ ድሮዬ ማውራት።» ከሥሩ ትንንሽ እርምጃዎች ገቡ። በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት በሳምንት አንድ ጊዜ መደወል፣ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን። ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር በወር ሁለቴ ቡና። ከሌሊት ፈረቃ ስትመለስ ስልክ ይዞ አልጋ ላይ መጋደም ቀርቶ፣ መጋረጃ ዘግቶ በአንድ ቋሚ ሰዓት መተኛት።

በግቡና በእርምጃው መሃል ደግሞ አንድ የማይታይ ነገር አለ፤ ችግሩ እንዴት ራሱን እየመገበ እንደሚኖር የሚያሳይ ግምት። የሠናይት ግምት በአጭሩ ይህን ይመስላል። እናቷ ሲደውሉ ይከብዳታል፣ አታነሳም። ሳታነሳ ስትቀር ለጊዜው ይቀላታል። ማታ ሥራ ቦታ ግን «ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?» የሚል ጸጸት ይበላታል። ጸጸቱ ጠዋት እንቅልፍ ይነሳታል። ያልተኛ ሰው ደግሞ በማግስቱ ስልክ ማንሳት ይበልጥ ይከብደዋል። ክቡ ተዘጋ ማለት ነው። ቴራፒስት ይህን ሥዕል ወረቀት ላይ ስሎ ለታካሚው ሲያሳየው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ቃል «እንዴ!» ነው። ዕቅዱ ከክቡ አንዱን ቦታ መርጦ የሚቆርጥ መቀስ ነው። እዚህ የተመረጠው ስልኩ ነው፤ ስሜቱ እስኪመጣ ሳይጠብቁ በተግባር መጀመር። ከድብርት ሕክምና ዘዴዎች ውስጥ በደንብ ከተፈተኑት አንዱ ይኸው ነው።

ወረቀቱ ሁለት አንባቢ አለው

አሜሪካ ውስጥ ዕቅዱን የምታነበው ሠናይት ብቻ አይደለችም። ኢንሹራንሱም ያነበዋል። ኢንሹራንስ ለ«እንደ ድሮዬ» ገንዘብ አይከፍልም። የሚከፍለው ስም ላለው ሕመም ነው፤ ለምሳሌ በሕመም ኮዱ ኤፍ32.1 ለሚባለው፣ መካከለኛ ደረጃ ላለው የመጀመሪያ ጊዜ ድብርት። የተጻፈው ግብ ከሕመሙ ስም ጋር፣ በየቀጠሮው የሚደረገው ነገር ከግቡ ጋር፣ የየቀጠሮው ማስታወሻም ከሁሉም ጋር መያያዝ አለበት። ካልተያያዘ «ይህ ሕክምና አስፈላጊ አይደለም» ተብሎ ክፍያው ሊቆም ይችላል።

ውጤቱ ምን ሆነ? ብዙ ቴራፒስት ዕቅድን እንደ ግብር ወረቀት ማየት ጀመረ። ኮምፒውተሩ ውስጥ የተዘጋጁ ዓረፍተ ነገሮች አሉ፤ ጠቅ ጠቅ ይደረጋሉ፤ ታካሚው ይፈርማል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያየውም። እንዲህ ያለው ዕቅድ ከሚኖር ባይኖር ይሻላል ማለት አልደፍርም፤ ግን ከዚያ ብዙም አይርቅም።

ኤድዋርድ ቦርዲን የተባለ አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት በ1979 የጻፈው ሐሳብ ዛሬም ድረስ ይሠራበታል። በቴራፒስትና በታካሚ መካከል ያለው የሥራ ግንኙነት ሦስት እግር አለው አለ፤ በግቡ መስማማት፣ ወደ ግቡ በሚወስደው ሥራ መስማማት፣ እና መተማመን። ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስበው ሦስተኛውን ብቻ ነው። «ደስ የምትል ሴት ናት፣ ትሰማኛለች» ይላል። መስማቷ ጥሩ ነው። ግን ወዴት እየሄዳችሁ እንደሆነ ካልተስማማችሁ ደስ የምትል ሴት ዘንድ እየሄዱ አለመዳን ይቻላል።

የቴራፒስቱ ዓይን ለምን አይበቃም?

ልምድ ያለው ቴራፒስት ታካሚው እየተሻለው መሆኑን ፊቱን አይቶ አያውቅም? እኔም ያውቃል ብዬ አስብ ነበር።

ማይክል ላምበርት የተባሉት የአሜሪካ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ2005 ያሳተሙት ጥናት ይህን እምነት ገደል ከተተው። ቴራፒስቶች 550 የሚሆኑ ታካሚዎቻቸውን አንድ በአንድ እያሰቡ መጨረሻቸው ምን እንደሚሆን እንዲተነብዩ ተጠየቁ። በመጨረሻ 40ዎቹ ከመጡበት ብሰው ወጡ። ቴራፒስቶቹ «ይብስበታል» ብለው የገመቱት 3 ሰው ብቻ ነበር። ከ3ቱም ልክ የሆነው 1 ነው። በ2012 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ራሳቸውን ከሙያ ጓደኞቻቸው ጋር እንዲያወዳድሩ ሲጠየቁ አንድም ሰው «ከአማካይ በታች ነኝ» አላለም። ሳቅ ያስመጣል፤ ግን ክፋት የለውም። ታካሚው በየሳምንቱ ይመጣል፣ ያመሰግናል፣ አንዳንዴ ይስቃል። የባሰበት ደግሞ ብዙ ጊዜ ይቀራል፤ በቀረ ሰው ፊት ላይ ምን ይነበባል?

ለዚህ ነው ወረቀቷ የመጣችው። ሠናይት የሞላችው ፎርም ፒኤችኪው-9 የሚባል የድብርት መመዘኛ ነው። በ2001 የታተመ ነው፤ የሠሩት ኩርት ክሮንኬ፣ ሮበርት ስፒትዘርና ጃኔት ዊልያምስ ናቸው፤ ያለ ክፍያ ነው የሚሰጠው። ዘጠኙም ጥያቄ የሚያተኩረው ባለፉት ሁለት ሳምንታት ላይ ነው። ነገር አላስደሰተሽም ነበር? እንቅልፍሽስ? ጉልበትሽ? የምግብ ፍላጎትሽ? ለእያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፤ 0 «በጭራሽ»፣ 3 «በየቀኑ ማለት ይቻላል»። ድምሩ ከ5 ጀምሮ ቀላል፣ ከ10 መካከለኛ፣ ከ15 መካከለኛ ከባድ፣ ከ20 ከባድ ተብሎ ይነበባል። የ1 ወይም የ2 ነጥብ ልዩነት ብዙ አያወራም፤ አንድ መጥፎ ሌሊት ያመጣዋል። 5 ነጥብ አካባቢ ሲወርድ ወይም ሲወጣ ግን ነገር አለ ማለት ነው። ከ5 በታች ሲገባ ሕመሙ ለቋል ይባላል።

ዘጠነኛው ጥያቄ የተለየ ነው። ስለ መሞት ወይም ራስን ስለ መጉዳት ያለ ሐሳብን ይጠይቃል። ድምሩ ትንሽ ቢሆን እንኳ እዚያ ላይ ከ0 ሌላ ቁጥር ከታየ ቴራፒስቱ የዚያኑ ቀን፣ የዚያኑ ሰዓት ማናገር አለበት። አሜሪካ ውስጥ ያለ ሰው ቀጠሮ እስኪደርስ መጠበቅ ካልቻለ 988 አለ፤ ከ2022 ጀምሮ በቀንም በሌሊትም ይሠራል።

ወደ ሠናይት እንመለስ። ፎርሙን በየሁለት ቀጠሮው ትሞላለች። 17 ብላ ጀመረች። 15 ሆነ። ከዚያ 14። ቴራፒስቷ ደስ አላት። ስድስተኛው ቀጠሮ ላይ 16። ስምንተኛው ላይ 16።

በር ላይ ስትጠየቅ አሁንም «ደህና፣ ተመስገን» ነው።

ኬነት ሃዋርድና ባልደረቦቹ በ1986 ከ2,400 በላይ ታካሚዎችን መረጃ ሰብስበው ሲያዩ፣ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ሰው እስከ 8ኛው ቀጠሮ፣ ሦስት አራተኛው ደግሞ እስከ 26ኛው ቀጠሮ መሻሻል አሳይቶ ነበር። ይህ ለእያንዳንዱ ሰው የተቆረጠ ቀን አይደለም። ግን 8ኛው ቀጠሮ ላይ ምንም ንቅናቄ ከሌለ «እንቀጥል፣ ይመጣል» ማለት ብቻውን አይበቃም። ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ቴራፒስቷ ግራፉን አዙራ አሳየቻት። «ተመልከቺ፣ እየወረድን ነበር፣ ከዚያ ቆምን። እዚህ ጋ ምን ሆነ?»

ሠናይት ዝም አለች። ከዚያ እንባዋ መጣ። እናቷ ጋ ደውላ ነበር፤ ሁለት እሑድ። በሁለተኛው የታናሽ ወንድሟ የኮሌጅ ክፍያ ተነሳ። «እልካለሁ እማዬ» ብላ ዘጋች። የላከችው ግን የቤት ኪራይ ብሯን ነው። ከዚያ ወዲህ ስልኩ እንደገና ተገለበጠ።

እስቲ አስቡት። ስምንት ሳምንት ስለ ስልክ ሲወራ፣ ከስልኩ ጀርባ ያለው ገንዘብ አልተነሳም። ሠናይት አልደበቀችም፤ «ለእናት መላክ» እንደ ችግር ሊቆጠር ይችላል ብላ አስባ አታውቅም። ያን ያወጣው ያልወረደው ቁጥር ነው።

ዕቅዱ ተቀየረ። ግቡ ያው ነው፤ መንገዱ ሌላ ሆነ። አሁን የሚለማመዱት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «እማዬ፣ በዚህ ወር አልችልም።» ቴራፒስቷ እናቷን ሆና ተጫወተች። «ታዲያ ልጁ ከትምህርት ይቅር?» አለች፤ እንደ እናት ድምጿን ሰብራ። ሠናይት መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ተናደደች፣ በአራተኛው ሙከራ ዓረፍተ ነገሩን ይቅርታ ሳትጨምርበት ጨረሰች።

ሌላ ሰው ቢሆን ለውጡ ሌላ ይሆን ነበር። አንዳንዴ ቁጥር የሚቆመው መድኃኒት ስለሚያስፈልግ ነው፤ ሳይካትሪስት ዘንድ ይላካል። አንዳንዴ ቤት ውስጥ የሚደበድብ ሰው አለ፤ ያ ሳይቆም የሚሻል ነገር የለም። አንዳንዴ ደግሞ ሁለቱ ሰዎች አልተገጣጠሙም፤ ሌላ ቴራፒስት መፈለግ ነውር አይደለም። የሚያሳዝነው ምንም ሳይቀየር አንድ ዓመት ሲሞላ ነው።

ቁጥሩ በአማርኛ ሲጠየቅ

ይህን ክፍል ለመጻፍ ነው ጽሑፉን የጀመርኩት ብል ይሻላል።

ፒኤችኪው-9 በአማርኛ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ በሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ በ2013 ታትሟል። ይሠራል። ግን ፎርም ሲሞላ ያየ ሰው ያውቃል፤ ቃል ሁሉ በሁሉም ጆሮ አንድ አይደለም።

«ደበረኝ»ን ውሰዱ። የሕመሙን ስም ድብርት ወይም ድባቴ እንለዋለን። ለአንድ የ60 ዓመት ሰው «መደበር» ከባድ ቃል ነው፤ ሰማዩ ሲጨልም የሚባል ነው። የ20 ዓመቱ የአዲስ አበባ ልጅ ግን ኔትወርክ ሲጠፋም «ይደብራል» ይላል። ካፌው ደባሪ ነው፣ ክላሱ ደባሪ ነው፣ ሰውዬው ደባሪ ነው። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ቀን ደብሮህ ነበር?» ሲባል «በየቀኑ!» ብሎ 3 ላይ ያከብባል። አባቱ በተመሳሳዩ ጥያቄ ላይ 0 ያከብባል፤ እሳቸው ሐዘን ላይ ናቸው እንጂ «አልደበራቸውም»።

«ጭንቀት»ም እንዲሁ ነው። አንዱ ቃል ፍርሃቱንም፣ የኑሮ ውጥረቱንም፣ ድብርቱንም ይሸከማል። «ጨንቆኛል» ያለ ሰው የትኛው እንደሆነ ሳይጠየቅ ዕቅድ ከወጣለት ለተሳሳተ ሕመም ሊታከም ይችላል። ሌላው ደግሞ ጭራሽ ስለ ስሜት አያወራም። «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ጨጓራዬ ነው»፣ «ሰውነቴ ዛለ» ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና በኢትዮጵያ ጥናቶች ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ባለ 20 ጥያቄ መመዘኛ ራስ ምታቱንና የሆድ ነገሩን የሚጠይቀው በከንቱ አይደለም።

ጾምም አለ። ዐቢይ ጾም ላይ «የምግብ ፍላጎትሽ ቀንሷል?» የሚል ጥያቄ ምን ይለካል? በረመዳን ለሱሑር የሚነሳን ሰው የእንቅልፍ ሰዓት እንዴት እንቁጠረው? የሠናይት የሌሊት ፈረቃም ያው ነው፤ እንቅልፏ ድብርት ባይኖርም የተናጋ ነው። ጎበዝ ቴራፒስት ድምሩን ብቻ አያይም። ጥያቄ በጥያቄ ይሄድና «ይቺ 3 ከሥራሽ ነው ወይስ ከሌላ?» ይላል። ያን ሁለት ደቂቃ ያላጠፋ ሰው ቁጥሩን ባይሰበስበው ይሻለው ነበር።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ይሉኝታ ነው። ታካሚው ቴራፒስቱን ይወዳታል። ብዙ ደክማለታለች። ከሁለት ወር በኋላ «አልተሻለኝም» ብሎ መጻፍ፣ የጋበዙትን ሰው ምግቡ አልጣመኝም እንደማለት ይሆንበታል። ስለዚህ 3ቱን 2 ያደርገዋል፣ 2ቱን 1። ግራፉ ያምራል፣ ሰውየው እንደነበረ ነው። መፍትሔው ውስብስብ አይደለም። ፎርሙ ቴራፒስቷ ፊት ከሚሞላ ከመግባት በፊት ውጭ ይሞላ። መጀመሪያ ላይ በግልጽ ይነገር፦ «ቁጥሩ ካልወረደ የሚፈተነው ዕቅዱ ነው፤ አንቺ ፈተና አልወደቅሽም።» ከቁጥሩ ጎን ደግሞ በይሉኝታ የማይለወጥ ነገር ይቆጠር፤ ስንት እሑድ ደወልሽ? ስንት ቅዳሜ ወጣሽ?

ይሉኝታ የታካሚ ብቻ አይደለም፤ ተቋምም አለው። እንግሊዝ በ2008 የንግግር ሕክምናን በመንግሥት ጤና አገልግሎት ውስጥ በሰፊው ስትጀምር በየቀጠሮው መመዘኛ መሙላትን የሥራው አካል አድርጋ ነው። ግብም ተቀመጠ፤ ሕክምናውን ከጨረሱት ቢያንስ 50 በመቶው ይዳኑ ተባለ። ውጤቱ ለሕዝብ ይታተማል። እኔ ይህን አደንቃለሁ፤ ስንት አገር ነው ስንት ሰው እንደዳነ የሚናገረው? ግን ቁጥር የመሥሪያ ቤት መፈተኛ ሲሆን ሁሉም ወደ ቁጥሩ ማየት ይጀምራል፣ ሰውየው ይረሳል። እዚያም ባለሙያዎች ይህን ቅሬታ ያነሳሉ።

ደብተሩ የማን ነው?

በአጭሩ ልለፈው። አሜሪካ ውስጥ ሁለት ዓይነት ማስታወሻ አለ። አንደኛው የሕክምና መዝገብ ነው፤ ዕቅዱ፣ የቀጠሮው ቀን፣ የተሠራው ሥራ፣ የታየው ለውጥ። ይህን ታካሚው ጠይቆ የማየት መብት አለው። ሁለተኛው ቴራፒስቱ ለራሱ ለይቶ የሚይዘው የግል ማስታወሻ ነው፤ ሕጉ ለዚህ የተለየ ጥበቃ ያደርጋል፣ ለታካሚውም የማሳየት ግዴታ የለበትም። ብዙ ሰው «የምናገረውን ሁሉ ትጽፈዋለች፣ አንድ ቀን ሐበሻ እጅ ይገባል» ብሎ ይፈራል። መጀመሪያው ቀን «ምኑን ነው የምትጽፊው? ማንስ ያየዋል?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የማይመልስ ባለሙያ ዘንድ ሁለተኛ ቀጠሮ አልይዝም ነበር።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል አማኑኤል ነበር። ዛሬ በሌሎች ሆስፒታሎችም በግል ክሊኒኮችም አገልግሎቱ አለ፤ ግን ባለሙያው ከሕዝቡ ቁጥር ጋር አይገናኝም። በግል የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከኪሱ ይከፍላል። ይህ አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ለኢንሹራንስ ተብሎ የሚሞላ የውሸት ዕቅድ የለም። መጥፎው ጎን ደግሞ ዕቅድ እንዲኖር የሚያስገድድ ማንም አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ጠያቂው ታካሚው ራሱ ነው። ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ «ግባችን ምንድን ነው? መድረሳችንን በምን እናውቃለን? መቼ ቆመን እናየዋለን?» ማለት ድፍረት አይደለም። ጥሩ ባለሙያ እንዲያውም ደስ ይለዋል።

ብዙ ባለሙያ በሌለበት አገርም ይህ ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት ልዩ ባለሙያ ያልሆኑ ሰዎች ሠልጥነው እንዲሰጡት ያዘጋጀው አጭር እርዳታ አለ፤ አምስት ቀጠሮ ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ የሚሠራበት አንዱ መመዘኛ ሰውየውን የተዘጋጀ ጥያቄ ብቻ አይጠይቀውም። «አሁን በጣም ያስቸገረህን ነገር በራስህ ቃል ንገረኝ» ይለዋል። ከዚያ ምን ያህል እንዳስቸገረው ከ0 እስከ 5 ያስቆጥረዋል፤ ሲመለስም ያንኑ የራሱን ቃል መልሶ ይጠይቀዋል። «ደበረኝ» ነው «ጨነቀኝ» የሚለው ጣጣ እዚህ ጋ በግማሽ ይቀልላል። «ልጄ አያናግረኝም» ያለችን እናት ልጇ አናገራት አላናገራት ብሎ መጠየቅ ትርጉም አይፈልግም።

ሠናይት 16ኛው ቀጠሮ ላይ 7 ሞላች። ከአራት እሑድ ሦስቱን ደውላለች፤ አንዱን ስልኩ አልሠራም። የወንድሟን ክፍያ ግማሹን ላከች፣ ግማሹን «አልችልም» አለች። እናቷ አኮረፉ፤ ሁለት ሳምንት። ከዚያ ራሳቸው ደወሉ።

ቀጠሮው በየሁለት ሳምንቱ ሆነ፣ ከዚያ በወር አንዴ። የመጨረሻዎቹ ቀጠሮዎች ሥራ አንድ ነው፤ ሕመሙ ቢመለስ መጀመሪያ በምን በር እንደሚገባ መጻፍ። ቴራፒስቷ እንቅልፍን፣ ምግብን፣ ድካምን ጠቀሰች። ሠናይት ወረቀቱን ተቀብላ በራሷ እጅ አንደኛው መስመር ላይ ጻፈች፦ «ስልኬን ገልብጬ ማስቀመጥ ስጀምር።»